ፈጣኑ ወይስ ታጋሹ? የኤሌክትሪክ ሻወርና የሚክሰር ሻወር ምርጫ በፊዚክስ ዓይን

የአዲስ አበባ ታሪክ ከሙቅ ውሃ ታሪክ ተለይቶ አይታይም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃ አካባቢ ቤት እንዲሠራ ሲያደርጉ፣ ከተማይቱ የተቆረቆረችው ምድር ራሷ አሙቃ በምታፈልቀው ውሃ አጠገብ ነበር። በፍልውሃ የታጣቢው ሥራ ለገላ የማይቻለውን ትኩስ ውሃ አቀዝቅዞ መጠቀም ነው። በየቤታችን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ የደጋ ውሃ ነውና ማሞቁ የእኛ ዕዳ ነው።

ይህን ዕዳ ለመክፈል ዛሬ በገበያ ላይ በዋናነት ሁለት መንገዶች ይገኛሉ። አንደኛው ውሃው በሚያልፍበት ቅጽበት የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሻወር ነው። ሁለተኛው ደግሞ በቦይለር ቀድሞ የሞቀውን ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር እያቀላቀለ የሚያወርደው ሚክሰር ሻወር ነው። ቤት የሠራ ወይም መታጠቢያ ቤቱን ያደሰ ሰው ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መምረጡ አይቀርም። ምርጫው ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ፣ «ይሄኛው መብራት አይበላም»፣ «ያኛው ቆጣሪ ያስሮጣል» በሚሉ አባባሎች ነው። እነዚህ አባባሎች ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም አንባቢ በእጁ ባለ ቴርሞሜትር፣ በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስና በጥቂት ማባዛትና ማካፈል የራሱን ቤት ጥያቄ ራሱ እንዲመልስ ማገዝ ነው።

ኃይልና ኢነርጂ አንድ አይደሉም

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። በዕለት ተዕለት አነጋገራችን «ኃይል» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እናደባልቃለን። ውሃን ከ17 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ የሚያስፈልገው ጠቅላላ መጠን ኢነርጂ ነው። ቆጣሪያችን የሚቆጥረው፣ ሒሳብ የምንከፍልበትም እርሱ ሲሆን መለኪያው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ኢነርጂ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጥ የሚነግረን ደግሞ ኃይል ነው፤ መለኪያው ኪሎዋት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍን በአንድ ሰው ጀርባ በአንድ ጊዜ ማሸከም ይቻላል፤ አሥር አሥር ኪሎ እያደረጉ አሥር ጊዜ ማመላለስም ይቻላል። የተጓጓዘው ጤፍ ያው አንድ ኩንታል ነው፤ የሚለየው በአንድ ጊዜ የሚፈለገው ጉልበትና ሥራው የሚወስደው ጊዜ ነው።

በሁለቱ ሻወሮች መካከል ያለው ዋና ልዩነትም ይኸው ነው። የኤሌክትሪክ ሻወር ጊዜ አይጠይቅም፤ ኃይል ግን ይጠይቃል። ቦይለር ያለው ሚክሰር ሻወር ብዙ ኃይል አይጠይቅም፤ ጊዜ ግን ይጠይቃል። ከዚህ በኋላ የምናነሣቸው ነጥቦች ሁሉ፣ ከሽቦው ውፍረት እስከ ሕይወት ደኅንነት ድረስ፣ ከዚህ ልዩነት የሚወለዱ ናቸው።

የሰባ ዋት ሒሳብ

ውሃ ሙቀትን በቀላሉ የማይቀበል ነገር ነው። አንድ ኪሎ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4,200 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም ተመሳሳይ ክብደት ላለው ብረት ከሚያስፈልገው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንድ ደቂቃም 60 ሰከንድ አለው። ስለዚህ በየደቂቃው አንድ ሊትር የሚወርድን ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4,200ን ለ60 ስናካፍል 70 ዋት እናገኛለን። ይህችን ቁጥር መያዝ በቂ ነው። በደቂቃ የሚወርደውን ሊትር፣ እንዲጨምር በምንፈልገው ዲግሪ፣ ከዚያም በ70 ስናባዛ የሚያስፈልገንን ኃይል በዋት እናገኛለን።

ምሳሌ እንውሰድ። የቧንቧችን ውሃ 17 ዲግሪ ነው እንበል፤ ለገላ የሚስማማን ደግሞ 40 ዲግሪ ነው። ልዩነቱ 23 ዲግሪ ይሆናል። 5.5 ኪሎዋት የሚል የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ሻወር ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ፣ 5,500ን ለ70፣ ውጤቱንም ለ23 ስናካፍል በደቂቃ 3.4 ሊትር እናገኛለን። ይህ የሚያዋጣ ግን ስስ የውሃ አወራረድ ነው። በሆቴል የለመድነውን፣ በደቂቃ 7 ሊትር የሚወርደውን ሻወር ከተመኘን ግን ሒሳቡ ወደ 11.3 ኪሎዋት ይወስደናል። እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስድ መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ማለት ሦስት ምጣዶችን በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ነው። አንድ ተራ የመኖሪያ ቤት መስመር ይህን አይችልም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሻወር ውሃው የሚቀጥነው ስለተበላሸ ሳይሆን ተፈጥሮው ስለሆነ ነው።

ይኸው ሻወር በሌላ ከተማ ሌላ ጠባይ ያሳያል። የድሬዳዋ ውሃ 27 ዲግሪ ሆኖ ቢመጣ የሚጎድለው 13 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ያው ባለ 5.5 ኪሎዋት ዕቃ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል ያወርዳል። የደብረ ብርሃን ውሃ 12 ዲግሪ ቢሆን ግን 2.8 ሊትር ብቻ ነው። በድሬዳዋ የሚኖር ዘመድ «እኔ ቤት ግሩም ነው» ብሎ የመሰከረለት ዕቃ በደጋው ቤት ቢያሳፍር፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በቤታችሁ ያለውን ለማወቅ ማለዳ የቧንቧውን ውሃ ለአፍታ አፍስሳችሁ በቴርሞሜትር ለኩት። በተለይ ከሐምሌና ከነሐሴ ብርድ ጋር የሚስማማውን ዝቅተኛ ቁጥር ያዙ፤ ሻወር የሚመረጠው ለክፉ ቀን ነውና።

ቮልቴጁ ሲወርድ

በሻወሩ ላይ የተጻፈው 5.5 ኪሎዋት የሚሠራው በቤቱ 220 ቮልት ሲኖር ነው። የማሞቂያው ሬዚስታንስ ብዙም የማይለወጥ ስለሆነ ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ምሽት ላይ ምጣዱም ምድጃውም በየቤቱ ሲጣድ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ የቀነሰው 18 በመቶ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን 180ን ለ220 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛ 0.67 እናገኛለን፤ ማለትም የሻወሩ ኃይል አንድ ሦስተኛውን አጥቶ 3.7 ኪሎዋት ይሆናል። የውሃውን አወራረድ ካልቀነስነው 40 ዲግሪ የነበረው ወደ 32 ወይም 33 ዲግሪ ይወርዳል፤ ይህም ለገላ ቀዝቃዛ ነው። «ሻወሩ ጠዋት ይሠራል፣ ማታ ይለግማል» የሚባለው እንቆቅልሽ መልሱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ቦይለርም ቮልቴጅ ሲወርድ ይደክማል። ነገር ግን ድካሙ የሚገለጠው በጊዜ ነው፤ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይሞቅ የነበረው ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል እንጂ 60 ዲግሪ ከመድረስ አይቀርም። ታጋሽነቱ እዚህ ላይ ይጠቅመዋል።

የውሃ ግፊት መውረድ ደግሞ በተቃራኒው አደጋ አለው። የኤሌክትሪክ ሻወሩ ኃይል ሳይለወጥ ውሃው ከ3.4 ሊትር ወደ 1.5 ሊትር ቢቀንስ፣ በሰባ ዋቱ ሒሳብ የሙቀቱ ጭማሪ ከ50 ዲግሪ ይበልጣል፤ 17 ሆኖ የገባው ውሃ ወደ 70 ዲግሪ ተጠግቶ ይወጣል ማለት ነው። ደኅና የተሠራ ሻወር ውሃው ሲያንስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ የግፊት ማብሪያና የሙቀት መከላከያ አለው። እነዚህ የሌሉትን ወይም ጥገና ሰጪው «ያስቸግራል» ብሎ ያለፋቸውን ሻወር መጠቀም ተገቢ አይደለም።

ሽቦው ምን ይላል?

5,500ን ለ220 ስናካፍል 25 አምፔር እናገኛለን። ይህ ከረንት ከማከፋፈያ ሳጥኑ እስከ መታጠቢያ ቤት ድረስ በሽቦ ውስጥ ይጓዛል። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል (እ.ኤ.አ. 1818–1889) እንዳሳየው፣ ከረንት በሚያልፍበት ነገር ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ሳጥኑ ከሻወሩ 20 ሜትር ቢርቅ የደርሶ መልሱ መንገድ 40 ሜትር ይሆናል። ሽቦው ለመብራት የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን፣ 290 ዋት ያህል ሙቀት ግድግዳው ውስጥ ይቀራል፤ የፕላስቲክ ልባሱም እየደረቀ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሻወር ከሳጥኑ በቀጥታ የሚመጣ፣ ሌላ ነገር የማይቀጠልበት የራሱ መስመር፣ የራሱም ብሬከር ያስፈልገዋል። ለዚህ ከረንት ቢያንስ ባለ 4፣ መንገዱ ሲረዝም ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መጠቀም ይመረጣል። ከሶኬት ወይም ከማከፋፈያ ገመድ መሳብ ግን ፈጽሞ አይገባም።

ከሽቦው ይልቅ የሚያሰጋው መጋጠሚያው ነው። በደንብ ያልጠበቀ አንድ ብሎን የአንድ ኦም አንድ አሥረኛ ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ 25 አምፔር ሲያልፍበት ከ60 ዋት በላይ ሙቀት በዚያች በጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ ይፈጠራል። ይህ የብየዳ መሣሪያ ሙቀት ነው። በሻወር አጠገብ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይኸው ነው፤ ያን ጊዜ ብሬከሩን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

የቦይለር ማሞቂያ በአብዛኛው 1.5 ኪሎዋት ያህል ስለሆነ የሚጠይቀው 7 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ቤቱ አሮጌ ሽቦ ያለው፣ ግድግዳውን መብሳትም የማይፈቀድለት ተከራይ ከሆናችሁ፣ ይህ ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል።

በታንከሩ ውስጥ ምን አለ?

ባለ 50 ሊትር ቦይለርን እንውሰድ። ውሃውን ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በ1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማለት ነው። ባለ 60 ዲግሪውን ውሃ ከባለ 17 ዲግሪው ጋር ቀላቅለን 40 ዲግሪ ለማግኘት ሙቁ ከድብልቁ 53 በመቶ ያህል ይሆናል። ስለዚህ 50 ሊትር ሙቅ ውሃ 93 ሊትር የገላ ውሃ ይወጣዋል። በተግባር ግን የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቁ ጋር በከፊል ስለሚደባለቅ 75 ሊትር ብለን ማሰብ ይበጃል። አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ፣ በደቂቃ 7 ሊትር ቢታጠቡ 140 ሊትር ይፈልጋሉ፤ ሦስተኛው ሰው መሐል ላይ ይንቀጠቀጣል። የሻወሩ አናት በደቂቃ 3.4 ሊትር የሚያወርድ ቢሆን ግን አራቱም በ68 ሊትር ይበቃቸዋል። ትልቅ ታንከር ከመግዛት በፊት የሻወሩን አናት መለወጥን ማሰብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ሙቅ ውሃ ከቀዝቃዛ ውሃ ስለሚቀልል በታንከሩ ውስጥ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በዚህም ምክንያት ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፤ ሙቁ ከላይ ይወጣል። ሙቁን የሚገፋው የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ስለሆነም ቦይለሩ ሙሉና ትኩስ ሆኖ ሳለ የቧንቧ ውሃ ከጠፋ አንዲት ጠብታ ላይሰጥ ይችላል። በፈረቃ ውሃ በሚያገኝ ሰፈር ውስጥ ሚክሰር ሻወር ያለ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ግማሽ ዕቃ ነው። በሌላ በኩል መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የኤሌክትሪክ ሻወር ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ቀድሞ የሞቀ ቦይለር ግን በዚያ ምሽት ቤተሰቡን አያሳፍርም።

ውሃ ከ17 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ 1.6 በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ በ50 ሊትር ላይ ይህ 0.8 ሊትር ነው። ከቦይለሩ ሥር ያለው የደኅንነት ቫልቭ በሚያሞቅበት ጊዜ የሚያንጠባጥበው ይህን ትርፍ ውሃ ለማስወጣት ነው። «ያፈሳል» ብሎ ቫልቩን መድፈን ታንከሩን ወደ ፈንጂነት መለወጥ ነው።

የታንከሩ ሙቀትም እንደፈለጉ የሚቀንሱት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ ሰዎችን ባጠቃ የሳንባ ሕመም የተነሣ የታወቀው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ፣ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ቆሞ በሚውል ውሃ ውስጥ ይራባል፤ በ60 ዲግሪ ግን ይሞታል። ለቁጠባ ብለን ታንከሩን በ40 ዲግሪ ብናቆየው ለዚህ ተሕዋስ ምቹ ቤት ሠራንለት ማለት ነው። ይልቁንስ ከመታጠባችን በፊት አብርተን እስከ 60 ማድረስ፣ ከዚያ ማጥፋት ይሻላል። 60 ዲግሪ ውሃ ግን የአዋቂን ቆዳ በአምስት ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ የሕፃናትንና የአረጋውያንን ደግሞ ከዚያም ፈጥኖ። ስለዚህ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን ቀድሞ መክፈት፣ አቅም ከፈቀደም ቴርሞስታት ያለው ሚክሰር መግዛት ይገባል።

ሚክሰሩ በደንብ እንዲያቀላቅል ሙቁና ቀዝቃዛው ተቀራራቢ ግፊት ሊኖራቸው ይገባል። ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው። ሙቁ ከሮቶው፣ ቀዝቃዛው በቀጥታ ከመንገድ መስመር ቢመጣ፣ ጠንካራው ቀዝቃዛ ደካማውን ሙቅ ይገፋዋል፤ ሰውየው ቁልፉን ሲያዞር ከሚፋጅ ወደ በረዶ ይዘልበታል። መፍትሔው ሁለቱንም ከአንድ ሮቶ መሳብ ነው። ይህን ቧንቧ ሲዘረጋ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግን ውድ ነው።

የትኛው ቆጣሪ ያስሮጣል?

ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት በመለወጥ ረገድ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የገባው ኢነርጂ ሁሉ ለማለት ይቻላል ሙቀት ሆኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። «ይሄኛው በቴክኖሎጂው ይቆጥባል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ በትሕትና እለፉት። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከወረደው ውሃ ብዛትና ከታንከሩ ከሚያመልጠው ሙቀት።

የአራት ሰዎችን ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ የአምስት ደቂቃ ሻወር ሰጥተን እናስላ። በኤሌክትሪክ ሻወር በቀን 1.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 55 ያህል ይሆናል። በሚክሰር፣ በደቂቃ 7 ሊትር፣ ለማሞቁ ብቻ በቀን 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቦይለሩ ቀን ከሌት በርቶ ቢውል ከግድግዳው የሚያመልጠው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲጨመር በወር ወደ 143 ይደርሳል። የሚክሰሩን አናት በደቂቃ 3.4 ሊትር በሚያወርደው ብንተካው ግን ወደ 85 ይወርዳል፤ ቦይለሩን በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ብናበራው ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሻወሩ ጋር ይቀራረባል። የአገራችን የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት በመሆኑ ይህ ልዩነት በኪስ ላይ እጥፍ ሆኖ ይሰማል። ውሃውንም አንርሳ፤ በቁጠባ የታጠበ ሰው የፈጀው 17 ሊትር ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያንሳል፤ ሌላው ግን 35 ሊትር ፈጅቷል።

ቦይለር አንድ ተጨማሪ በር ይከፍታል፤ የፀሐይን። ሙቀትን ማቆየት የሚችል ታንከር ስላለው ቀን የተሰበሰበን ሙቀት ለማታ ያስቀምጣል። በአገራችን አንድ ካሬ ሜትር ቦታ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኢነርጂ ያገኛል። ሁለት ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሰብሳቢ ግማሹን እንኳ ቢይዝ፣ ሁለት ባለ 50 ሊትር ታንከሮችን ለማሞቅ ይበቃል። በክረምት ደመና ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ያግዛል። ተራው የኤሌክትሪክ ሻወር ይህን ዕድል አይሰጥም።

ከቤታችን አጥር ውጭም እንመልከት። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። አንድ መቶ ሺህ ቤቶች በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ሰዓት ባለ 5.5 ኪሎዋት ሻወሮቻቸውን ቢከፍቱ 550 ሜጋዋት ይፈልጋሉ፤ ይህም ከግድቡ ሙሉ አቅም ከአንድ አሥረኛ በላይ ነው። በሰፈር ደረጃ ደግሞ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ጊዜ የሚሸከመው 57 እንዲህ ያሉ ሻወሮችን ብቻ ነው። ሌሊት ሰው ሲተኛ የሚሞቅ ቦይለር ይህን ሸክም ያቃልላል።

ከሁሉ በላይ ሕይወት

እስካሁን ያልነው ሁሉ የምቾትና የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሚቀጥለው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው። የረጠበ የሰው አካል ሬዚስታንስ 1,000 ኦም ያህል ሊሆን ይችላል፤ 220 ቮልት ቢያገኘው 0.22 አምፔር ያልፍበታል። ልብን ለማወክ ከዚህ እጅግ ያነሰ በቂ ነው፤ ከ30 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም ከ0.03 አምፔር በላይ ከረንት ለጥቂት ጊዜ በአካል ውስጥ ማለፉ አደገኛ ተብሎ ይቆጠራል። እንግዲህ ልብ እንበል። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ባለ 32 አምፔር ብሬከር 0.22 አምፔርን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ነው፤ ሰውን ለመጠበቅ አይደለም። «ብሬከር አለኝ» ብሎ የሚታመን ሰው የሚታመነው ባልተሰጠው ዋስትና ነው።

ሰውን የሚጠብቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ባለሙያዎች ግራውንድ የሚሉት የመሬት ሽቦ ነው። የማሞቂያው ልባስ ቢቀደድና ከረንት ወደ ውሃው ወይም ወደ ብረቱ ቢያመልጥ፣ ከሰው አካል ይልቅ የሚቀልል መንገድ የሚያዘጋጅለት እርሱ ነው። ሁለተኛው አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መቁረጫ ነው። በሄደውና በተመለሰው ከረንት መካከል 30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ ከሰከንድ ሦስተኛ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። ቀድሞ የብረት ቧንቧ በነበረበት ዘመን ቧንቧው ራሱ አንዳንዴ የመሬት መስመር ሆኖ ያገለግል ነበር። ዛሬ የምንዘረጋው የፕላስቲክ ቧንቧ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በዚያ መተማመን አይቻልም። ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር ማሰርም መፍትሔ ሳይሆን አዲስ አደጋ ነው፤ ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢበጠስ የሻወሩ አካል በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል።

ቦይለርም ከዚህ ሕግ ነፃ አይደለም፤ ግራውንድና አር.ሲ.ዲ. ያስፈልጉታል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። የኤሌክትሪክ ሻወር የሚሠራው ራቁቱን የረጠበ ሰው ከሥሩ በቆመበት ሰዓት ብቻ ነው። ቦይለርን ግን አሙቆ፣ ማብሪያውን አጥፍቶ፣ ከዚያ በኋላ መታጠብ ይቻላል። ሙቀትን ማከማቸት ማለት ኤሌክትሪኩ የሚሠራበትን ሰዓትና ሰው ውሃ ውስጥ የሚቆምበትን ሰዓት መለየት ማለት ነው። ለእኔ የቦይለር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

እንግዲህ ምን እንምረጥ?

ምርጫው የሚጀምረው ከመደብሩ ሳይሆን ከቤት ነው። በመጀመሪያ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርታችሁ ቤቱ የሚሠራ ግራውንድ እንዳለው በመሣሪያ አስለኩ። ከሌለው ሁለቱንም አትግዙ፤ ገንዘቡን መጀመሪያ ለግራውንድና ለአር.ሲ.ዲ. አውሉት። ቀጥሎ የቧንቧውን ውሃ ሙቀት ለኩ። ከዚያም ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ ከሻወሩ ሥር ይዛችሁ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ፤ 120ን ለሰከንዱ ስታካፍሉ በደቂቃ የሚወርደውን ሊትር ታገኛላችሁ። ይህን ሊትር እንዲጨምር በምትፈልጉት ዲግሪ፣ ከዚያም በሰባ ዋት አባዙት። የሚወጣው ቁጥር ከ5,000 ወይም ከ6,000 ዋት ካልበለጠ፣ ቤቱም ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ካለው፣ የማታው ቮልቴጅም የማይዋዥቅ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሻወር ርካሽ፣ ቦታ የማይዝና ቆጣቢ ምርጫ ነው። በተለይ ብቻውን ወይም ለሁለት ለሚኖር፣ በቆላ ወይም በወይና ደጋ ላለ ቤት ይስማማል።

ቤተሰቡ ሰፊ ከሆነ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ፣ መብራትና ቮልቴጅ የማያስተማምን ከሆነ፣ ወይም ሽቦው አሮጌ ከሆነ ግን ሮቶ ያለው ሚክሰር ሻወር ይሻላል። ታንከሩ እንደ ቤተሰቡ ቁጥር፣ አናቱ ቆጣቢ፣ ሁለቱም መስመሮች ከአንድ ሮቶ ይሁኑ። ቤት ገና እየተሠራ ከሆነ ደግሞ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሻወር ብትመርጡ እንኳ የሙቅ ውሃ ቧንቧና ባዶ የሽቦ ቱቦ በግድግዳው ውስጥ አስቀብሩ። ዋጋው ኢምንት ነው፤ ነገ ቦይለር ወይም የፀሐይ ማሞቂያ ለመግጠም ስታስቡ ግን ግድግዳ ከማፍረስ ያድናችኋል።